የሃሊሞ በርሜል

በርሜሉ ዛሬም ርሷል።

ሰማታር ጣቱን አፈሩ ውስጥ ሰደደ፤ እስከ ሁለተኛው አንጓ ድረስ ጭቃ ነው። ጣቱን በሽርጡ ጠረገና ግቢውን ዞሮ ቃኘ። ስድስቱም በር ዝግ ነው። ጥፋተኛ የሚባል የለም፤ ሁሉም ንጹሕ ነው።

«ያ ረቢ!» አለ፣ ሁሉም እንዲሰማው ጮክ ብሎ። «እኔ ውሃ ስጡኝ ያልኩት ሰው አለ? አትስጡኝ ነው ያልኩት! አትስጡኝ የሚባለው በየትኛው ቋንቋ ነው የሚገባችሁ?»

ቋንቋማ አልቀረውም። በሶማሊኛ ነግሯቸዋል፣ በኦሮሚኛ ነግሯቸዋል፣ በአማርኛ ነግሯቸዋል፤ ሲብስበት ደግሞ ከድሮው ምድር ባቡር የተረፈችውን ፈረንሳይኛ ጨምሮበታል። ሁሉም በትሕትና ሰምተው፣ «እሺ አዴር፣ እሺ አጎቴ» ብለው፣ ጆሮ ዳባ ልበስ ብለዋል። ሠላሳ አንድ ዓመት የፍሬን መካኒክ የነበረ ሰው፣ ቁልቁለት የሚወርድ ባቡር ያቆመ ሰው፣ የአንድ ግቢ ጎረቤት ማቆም አቃተው። ይሄ ነው አንጀቱን የሚያሳርረው።

በርሜሉ ከወገቡ የተቆረጠ አሮጌ የናፍጣ በርሜል ነው፤ አፈር ተሞልቶ ከኩሽናው ግድግዳ ሥር ተቀምጧል። የሚስቱ የሃሊሞ ነው። ሃሊሞ ከሐርላ ተድራ ስትመጣ ከእናቷ ጓሮ አንድ ሽንኩርት የመሰለ የአበባ ሥር በመሐረብ ቋጥራ አመጣች፤ አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት እያለ ሰባት ደረሰ። በልግ ገብቶ የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ፣ ቅጠል እንኳ ሳይቀድመው ከባዶው አፈር አገዳ ብቅ ይልና ጫፉ ላይ የሕፃን ራስ የሚያህል ክብ ቀይ አበባ ይከፍታል። ሁለት ሳምንት ይቆያል። ከዚያ ቅጠሉ ይመጣል፣ ክረምቱን ይከርማል፣ ጥቅምት ላይ ደርቆ ይወድቃል፤ ከዚያ በኋላ በርሜሉ ላይ የሚታየው አፈር ብቻ ነው። ትክክለኛ ስሙን የሚያውቅ ስለሌለ ግቢው «የሃሊሞ ኳስ» ይለዋል።

ሃሊሞ በዘር የምታበቅላቸው ሌሎችም ነበሯት። በየዘይት ቆርቆሮው ክረምት ሲገባ ትዘራቸዋለች፣ ያብባሉ፣ ይረግፋሉ፣ ዘራቸውን ለቅማ በወረቀት ትጠቀልላለች። ስለ እነሱ ሰማታር የሚያውቀው ነገር የለም። ስለ በርሜሉ ግን አንድ ሕግ ያውቃል፤ ሃሊሞ በየዓመቱ ጥቅምት ሲመጣ የምትደግመው ሕግ፦ ሽንኩርቱ እስከ በልግ ይተኛል፤ ተኝቶ ሳለ ውሃ ካገኘው ይበሰብሳል።

ሃሊሞ ታኅሣሥ ላይ ሞተች። ታማ ሦስት ሳምንት አልሞላትም። አንዲት ልጃቸው ኢፍራህ ጅቡቲ ነው የምትኖረው፤ እናቷ ስትሞት በቀዶ ጥገና ከወለደች ሳምንቷ ነበርና ለቀብር መድረስ አልቻለችም። በስልክ ማልቀስ እንኳ አልሆነላትም። ድምፅዋ ደርቆ፣ «አባ፣ ቀብሯን አላየሁም፤ በልግ ላይ እመጣለሁ፤ ኳሷን እንኳ ልይ» አለችው።

«ወላሂ ታያለሽ» አለ ሰማታር።

ሰማታር በከንቱ ወላሂ የሚል ሰው አይደለም። ድሬ ውስጥ ወላሂ ሳይል ጨው የሚገዛ የለም፤ እሱ ግን መሐላ ይፈራል። ያን ቀን ማለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ሥራ ብቻ ነው ያለው፤ በርሜሉን ደረቅ አድርጎ በልግ ማድረስ።

መጀመሪያ የያዘው ናሲርን ነው። ናሲር በግቢው በር ላይ ሱቅ ያለው፣ ጢሙን በሂና የሚያቀላ፣ ጨዋ ሰው ነው። ከሱብሂ ሶላት ሲመለስ ዙሪያውን አይቶ፣ ከውዱእ ትጥበቱ የተረፈችውን ውሃ ከፕላስቲክ ጆግ በርሜሉ ላይ ሲያንጠፈጥፍ ሰማታር ከበሩ ጀርባ ቆሞ ያየዋል።

«ዋሪያ ናሲር! ምን እያደረግክ ነው?»

ናሲር ጆጉን ከኋላው ደበቀ። «ምንም።»

«ከኋላህ የያዝከውስ?»

«አቦ ሰማታር! ሰደቃ ተደብቆ ነው የሚሰጠው። ይሄው አየኸኝ፤ አበላሸህብኝ» ብሎ ተቆጣ።

ተቆጣ! ጥፋተኛው ሰማታር ሆኖ አረፈው። ነገሩ የገባውም ያኔ ነው። ሟች የተከለችውን ያጠጣ ሰው፣ አጅሩ፣ ምንዳው፣ ለእሱም ለእሷም ይጻፋል፤ መቃብሯ ድረስ ይደርሳታል። ሰደቃ ደግሞ ቀኝ እጅ ሲሰጥ ግራ እጅ እንኳ ባያውቅ ይመረጣል። ስለዚህ በግቢው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ፣ ሌላው ሳያየው፣ ብቻውን የሚያጠጣ መስሎት፣ ለሃሊሞ ብሎ ያጠጣል። ናሲር በሱብሂ፣ የባጃጅ ሾፌሩ አዩብ ከቀትር በኋላ፣ ባጂያ ጠብሳ የምትሸጠው ኪንሲ ወደ ማታ። ሌሎቹን ሰማታር ገና አልደረሰባቸውም። ቧንቧ በሳምንት አንዴ በሚመጣበት ሰፈር፣ ለራሳቸው በጀሪካን እየቆጠቡ፣ ለተኛ ሽንኩርት ያለ ስስት ያፈሳሉ። መጥፎ ሰዎች ቢሆኑ ይሻለው ነበር። ክፉ ጎረቤት ይከሰሳል፤ እነዚህ በምን ይከሰሳሉ?

ጥር ላይ በቀይ ቀለም ግድግዳው ላይ «ውሃ ማፍሰስ ክልክል ነው» ብሎ ጻፈ። የመጀመሪያው ጥቅሙ፣ አላፊ አግዳሚው በግቢው በር አጮልቆ መሳቁ ነበር፤ በከተማው ግድግዳ ላይ ክልክል ነው ተብሎ የሚጻፈው ለሌላ ዓይነት ውሃ ነውና። በማግስቱ አዩብ ባጃጁን አጥቦ የተረፈውን ንጹሕ ውሃ በባልዲ ይዞ ሲመጣ ተያዘ።

«አዩብ፣ ማንበብ አትችልም?»

«እችላለሁ እንጂ አዴር። ማፍሰስ ነው የሚለው። እኔ አጠጣለሁ እንጂ አላፈስም።» ሁለት ልጆች ያሉት፣ መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ነው ይህን የሚናገረው። ቀጠለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሚስቴ በወለደች ጊዜ አርባ ቀን ሾርባ ያመላለሰችልን ሃሊሞ ናት። ምን ላድርግላት ታዲያ? ንገረኝ፣ ሌላ ምን አለኝ?»

ሰማታር ይበልጥ ተናደደ።

የካቲት ላይ በርሜሉን በቆርቆሮ ከደነው፤ ላዩ ላይም ሁለት እጁን የሚፈትን ድንጋይ ጫነበት። ለሦስት ቀን ሰላም ሆነ። በአራተኛው ቀን ኪንሲ የባጂያ ሊጥ ከእጇ ሳይለቅ መጥታ ፊት ለፊቱ ቆመች። ኪንሲ ለሃሊሞ የሃያ ዓመት ጓደኛ ናት፤ ሰማታርን ፈርታው አታውቅም።

«አንተ ሰው አይደለህም እንዴ? የሟች ተክል በጥም ታቃጥላለህ?»

«አልጠማውም! ተኝቷል!»

«የተኛ ሰው ውሃ አይጠማውም?»

«ሽንኩርት ነው ኪንሲ! ሽንኩርት!»

«ሽንኩርትስ ነፍስ የለውም?» አለች። «ሃሊሞ ነፍሷን ይማርና፣ አንድ ቀን አታጠጡ ብላን አታውቅም። በሕይወት ሳለች ስናጠጣ እያየች ዝም ነው የምትለው። አበባዋም በየዓመቱ ወጥቷል። አንተ ዛሬ ከየት ያመጣኸው ሕግ ነው? ሰው ምን እንደሚል ታውቃለህ? ለሚስቱ ውሃ ሰሰተ ይላል።»

ሰማታር ይህን ሲሰማ ደሙ ፈላ። እሱ ለሃሊሞ ሰሰተ! ድንጋዩን አንስቶ ቢወረውር ደስ ባለው፤ ግን ያ ድንጋይ ከጉልበቱ በላይ አይነሳለትም። ለኪንሲ ማስረዳት ማለት ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው፤ ትቷት ገባ። በማግስቱ ጠዋት ድንጋዩ መሬት ላይ፣ ቆርቆሮው ግድግዳው ላይ ተደግፎ፣ በርሜሉ እንደ ሩዝ ማሳ ውሃ አቁሮ ተገኘ። ያነሳው ኪንሲ ትሁን አዩብ ወይስ ገና ያልተያዘ ሌላ፣ አላህ ይወቅ።

ከዚያ በኋላ ወንበሩን በርሜሉ አጠገብ አድርጎ ቀን ሙሉ ይቀመጥ ጀመር። ጓደኞቹ ከሰዓት በኋላ ሲጠሩት አይሄድም። ሲደውሉለት «ሥራ ላይ ነኝ» ይላል። ኢፍራህ ከጅቡቲ ደውላ «አባ፣ የእማ አበባ ደህና ነው?» ስትለው፣ «ደህና ነው፣ እኔ እያለሁ» ይላታል። ስልኩን ሲዘጋ ግን አፈሩን እንደገና በጣቱ ይወጋል። ቢበሰብስ ምን ይላታል? ጎረቤት አበሰበሰው? ቀብሯን ያላየች ልጅ፣ ይቺን አንዲት ነገር የጠየቀች ልጅ።

ሚያዝያ ሲገባ ኢፍራህ የአራት ወር ሕፃኗን ዐማልን አዝላ መጣች። የምትቆየው ሁለት ሳምንት ነው። በመጣች በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረና በልጉ ወረደ፤ የደቻቱ ወንዝም ደፍርሶ ሞላ። ሰማታር በረንዳው ላይ ቆሞ ዝናቡ በርሜሉን ሲመታው አየና፣ ከታኅሣሥ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በውሃ ደስ አለው። «በአራት ቀን ታዪዋለሽ» አላት።

በአራት ቀን የለም። በስድስትም የለም። በስምንተኛው ቀን ጎረቤቱ ሁሉ በየተራ ወደ በርሜሉ አንገቱን እያሰገገ ያልፋል፤ ማንም ሰማታርን ቀና ብሎ የሚያየው የለም። በአሥረኛው ቀን ትዕግሥቱ አለቀ። ሸራ አነጠፈና በርሜሉን ገልብጦ ዘረገፈው። ግቢው በሙሉ ወጥቶ ቆመ። ሰማታር ተንበርክኮ ጭቃውን በሁለት እጁ ይፈረፍር ጀመር። የበሰበሰ ሥር፣ የሚሸት ነገር፣ ልጣጭ፣ የሆነ ነገር ፈለገ። ጭቃ ብቻ ነው። አንድ የዝገት ቁራጭና ሁለት የምድር ትል።

«ሰርቀውኛል!» ብሎ ተነሳ። «ማጠጣታችሁ ሳያንስ ሰረቃችሁኝ!»

«አሁንስ አበዛኸው» አለች ኪንሲ። «ጭቃ የሚሰርቅ ማን ነው?»

ኢፍራህ ግን ሸራውን ሳይሆን አባቷን ነበር የምታየው። «አባ፣» አለች ቀስ ብላ፣ «እነዚያን መልሰህ ሳትቀብራቸው ነው እንዴ የምትጠብቀው?»

«የትኞቹን?»

«ሽንኩርቶቹን። እማ እኮ በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ታወጣቸዋለች። በጋዜጣ ጠቅልላ በዘንቢል ከጓዳው በር ኋላ ትሰቅላቸዋለች፤ በልግ ሲቃረብ መልሳ ትቀብራለች። እኔ ነበርኩ ዘንቢሉን የምይዝላት።»

«በርሜሉ ውስጥስ ምን አለ?»

«አፈር። እሱን የምትተወው ለሰው ነው። ‹አታጠጡ ብላቸው አይሰሙኝም፣ ቢሰሙኝም ይቀየሙኛል፤ አፈሩን ያጠጡና አጅራቸውን ያግኙ› ትል ነበር።» «አታውቅም ነበር? ሠላሳ ዓመት ስትኖሩ አንድ ቀን አላየሃትም?» አለችው።

ስንት ዓመት ባዶ አፈር ሲያጠጡ እንደኖሩ ጎረቤቱ ሁሉ በየልቡ ያሰላል።

«እና አጅሩስ?» አለ ናሲር ተጨንቆ።

«አጅር በኒያ ነው፣ በሐሳብህ ነው የሚጻፍልህ። ዝም በል» አለችው ኪንሲ።

ሰማታር ይህን አልሰማም። አላየሃትም ወይ የሚለው ላይ ነው የቀረው። አላያትም። ሕጉን በየዓመቱ ሰምቷል፣ አበባውን በየዓመቱ አድንቋል፣ በመሐሉ እሷ ምን እንደምታደርግ ግን አንድ ቀን ጠይቆ አያውቅም።

«ዘንቢሉ የታለ?» አለች ኢፍራህ።

ዘንቢሉ! በሐዘኑ ሰባተኛ ቀን የሟች ዕቃ ለምስኪን ሲከፋፈል፣ ልብሱን ሴቶቹ አወጡ። ሰማታርም የድርሻውን ለማድረግ ወደ ጓዳ ገባ፤ በዕድሜው ጓዳ የገባበትን ቀን በጣት መቁጠር ይቻላል። ከሚስማሩ ላይ አንድ ዘንቢል አወረደ፤ ዳበሰው፤ ሽንኩርት ነው። ለማን ይቀመጣል ብሎ፣ ከዋሂል ወተት ለምታመጣላቸውና ሦስቱን የሐዘን ቀን ውሃ ስትቀዳ ለሰነበተችው ለኡባህ፣ «በሃሊሞ ስም» ብሎ በገዛ እጁ ሰጣት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። እሱ ግን የብብቱን መርቆ ሰጥቶ ነው አራት ወር ሙሉ ባዶ ቆጥ ሲጠብቅ የከረመው። በሰው ላይ የጮኸው ሁሉ ተመልሶ ራሱ ላይ ወደቀ፤ የሚገባበት ጠፋው።

በማግስቱ ጠዋት አዩብ በባጃጁ እስከ ሚኒባሱ አደረሳቸው። ሚኒባሱ ውስጥ ኢፍራህ ዐማልን እያጠባች፣ «ሰደቃ ብለህ ነው የሰጠሃት?» አለችው።

«በእናትሽ ስም።»

«እንግዲያ አይመለስም አባ።»

«አውቃለሁ!» ብሎ ጮኸ፤ ተሳፋሪው ዞሮ አየው። «አውቃለሁ» አለ ዝቅ አድርጎ። «ሽንኩርት መስሎኝ ነው እንጂ።»

«ምን ነበር ሐሳብህ?»

«መስጠት።»

«አለቀ» አለች ኢፍራህ። ከዚያ በኋላ እስከ ዋሂል ሁለቱም የሚያስቡት አንድ ነገር ነው፤ አራት ወር ሙሉ ሽንኩርት ሳትበላው የምታቆይ ሴት የት አለች?

ኡባህ በደስታ ተቀበለቻቸው፣ ለሐዘኑ እንደ አዲስ ዱዓ አደረገች፣ ወተት ቀዳች። ሰማታር ወተቱን ሳይነካ፣ «ያ ሽንኩርት...» ሲል ሴትዮዋ በሻሿ ፊቷን ሸፈነች።

«አላህ ይቅር ይበለኝ። አንዱን ቆረጥኩት፤ ዝልግልግ አለ፤ እጄን አሳከከኝ። እንዳልበላው አይበላም። እንዳልጥለው የሟች ሰደቃ ነው፤ እንዴት ይጣላል? በዘንቢሉ አቆየኋቸውና በልጉ ሲቃረብ ከቤቱ ኋላ ቀበርኳቸው። አትቀየመኝ።»

ሰማታር ተነስቶ ቤቱን ዞረ። ኢፍራህ ልጇን ታቅፋ ተከተለችው።

ከእሾህ አጥሩ ሥር፣ ዕቃ በሚታጠብበት ቦታ አጠገብ፣ አራቱ ቆመዋል። ቅጠል የላቸውም፤ አገዳና ቀይ ኳስ ብቻ። አምስተኛውና ስድስተኛው ገና አፈሩን እየሰነጠቁ ነው። ፍየሎቹ አጠገባቸው ይግጣሉ፤ አልነኳቸውም።

ኢፍራህ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ከታኅሣሥ ጀምሮ አልመጣ ያላት ልቅሶ አሁን መጣ፤ ዐማልን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ፣ እንደ ሕፃን እየተንሰቀሰቀች አለቀሰች። ሰማታር ከላይዋ ቆሞ መሐላውን መፈጸሙን አወቀ፤ ግን የፈጸመው እሱ አይደለም። በሃሊሞ ተናደደ። ለምን አልነገርሽኝም? ለልጅሽ ነግረሽ ለእኔ ለምን? መልሱን ግን ያውቀዋል። ብትነግረው ኖሮ በርሜሉ አጠገብ ወንበር አስቀምጦ፣ ግድግዳ ላይ ቀለም ቀብቶ፣ ከሰው ሁሉ ያጣላት ነበር።

ኡባህ ነገሩ ገባት። «የሷ ነው እንዴ? ውሰዱት! ወላሂ ውሰዱት፣ መቆፈሪያ ላምጣላችሁ።»

የሰማታር እጅ ወደ መሬት ሄደ፤ ጣቶቹ አፈሩን ነኩት። አንዷን ብቻ። ማን ያየዋል? ቀና ሲል ኢፍራህ በእንባ ዓይኗ ታየዋለች። እጁን ሰበሰበ።

«አይሆንም» አለ። «የተሰጠ ሰደቃ አይመለስም። ያንቺ ነው።»

ኡባህ ተጨነቀች። እንግዳ ባዶ እጁን ሊሄድባት ነው። ምን እንደምታደርግ ጠፍቷት ከበርሜሏ አንድ ጣሳ ውሃ ቀዳች። «እኔ እንኳ በየጠዋቱ ወተት ሳልብ አንዳንድ ጣሳ አጠጣላታለሁ፣ ለሃሊሞ ብዬ» አለችና ልታፈስ ዘንበል አለች። የሰማታርን ፊት ስታይ እጇ ቆመ። «አይጠጣም እንዴ? ልተወው?»

አራት ወር ሙሉ ሲጮኸው የከረመው ቃል ምላሱ ላይ ነበር። ሰማታር ግን ዋጠው።

«ይጠጣል» አለ። «አሁን ጊዜው ነው። ጥቅምት ሲገባ አውጥተሽ በጋዜጣ ጠቅልለሽ ስቀያቸው።» ጣሳው ዘንበል ሲል እጁን ዘረጋ። «ቆይ፣ ለእኔ ስጪኝ። እኔ አንድ ቀን አጠጥቼላት አላውቅም።»